ቦጋለች በፍም ላይ የሠራችው ከተማ

ቦጋለች ከሻኪሶ የተመለሰችው ወርቅ ይዛ ነው ይባላል። እንዴት አሳለፈችው ቢሉ፣ ድንች ከሁለት ሰንጥቃ፣ ሆዱን ፈልፍላ፣ ወርቁን እንደ ጽንስ አስተኝታ፣ መልሳ ገጥማ፣ በፎይል ጠቅልላ ፍም ውስጥ ጠበሰችው አሉ። ኬላው ላይ "ምንድን ነው ይሄ?" ስትባል "ስንቅ ነዋ፤ ቅመሱ!" አለች። ከፈታሾቹ አንዱ ሆዳም ኖሮ እጁን ሰደደ፤ ከዚያ ሁሉ ድንች መርጦ ወርቅ ያረገዘውን ገመጠ፤ ጥርሱም ረገፈ። ታዲያ ያ ሰውዬ ዛሬ ገበያ መሐል ሲስቅ የሚያብለጨልጨው ጥርስ ከየት የመጣ ይመስላችኋል?

ወሬው እንዲህ ነው። ጥሩ ወሬ ነው፤ ወርቅም ጥርስም ድንችም አለው። የጎደለው እውነት ብቻ ነው።

ቦጋለች ከሻኪሶ ይዛ የመጣችው የተጋመሰ የፎይል ጥቅል፣ እጀታው የተሰበረ ማንኪያና ቀኝ እጇ አንጓ ላይ የቀረ የእሳት ጠባሳ ነው። ወርቅ ቢኖራትማ ከነጌሌ ወጣ ብሎ፣ ከሻኪሶ መንገድ ዳር፣ ኩይሳ ተጠግታ ዓይኗ እስኪቀላ ጭስ ትታጠን ነበር? ይህን ሲሏቸው ወሬኞቹ መልስ አያጡም። "ለማስመሰል ነዋ!" ይላሉ። ይሄን ያህል ዘመን ማስመሰል! እንዲህ ካስመሰሉ መሆኑ ይቀላል።

የጉራጌ አገር ልጅ ናት። ነጌሌ የገባችው በልጅነቷ አክስቷን ተከትላ ነው። አክስቲቱ ጨርቅ ስትሸጥ እሷ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጣ የገበያተኛውን እግር እያየች አደገች። "የሚገዛ ሰው እግሩ አይወዛወዝም" ትላለች እስከ ዛሬ። ከእግሮቹ በላይ ያለውን ሰው ግን ከልቧ ትፈጥረው ነበር። አቧራ የለበሰ ሰንደል ጫማ ስታይ ከላዩ ግመል ነጂ ታስቀምጥበታለች፤ ግመል ነጂውን ሚስት ትድርለታለች፤ ሚስቲቱን ከአማቷ ታጣላታለች። አክስቷ "ቦጌ፣ ያንን ጣቃ አቀብዪኝ!" ብላ ስትጣራ ቦጋለች ገና እርቅ ላይ ናት።

አድጋ አንድ መካኒክ አገባች። ደርግ በወደቀ ሰሞን ሰውዬው "መለዋወጫ ላምጣ" ብሎ ወደ ሞያሌ ወረደ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሰው ሲጠይቃት "ዕቃው ጠፍቶበት ይሆናል" ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ሻኪሶ የሄደችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ወርቅ ልትፈልግ ሳይሆን ወርቅ ፈላጊዎቹን ልትቀልብ። በድንኳን ሰፈር ምግብ አብሳይ ሆነች። ጠዋት የጫነችው ድስት እስከ ቀትር ድረስ የተቆፈረው አፈር ብናኝ እየገባበት ቀይ ይሆናል። ቆፋሪዎቹ "ቦጋለች፣ ወጡ ውስጥ ወርቅ ከተገኘ የማን ነው?" እያሉ ያሾፉባታል። "የጥርሳችሁ ነው" ትላቸዋለች። አንድ ቀን ከዕቃ ቤት አንድ ጥቅል ፎይል ወጣ፤ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ስላልነበረ የድንኳን ቀዳዳ ሊደፍኑበት ነበር። እሷ ግን የፍየል ሥጋ ከነስቡ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው አድርጋበት ዙሪያውን አጥፋ ዘጋችውና ፍም ውስጥ ቀበረችው። አውጥታ ስትፈታው እንፋሎቱ ፊቷን ሳማት። ሥጋው በገዛ ላቡ በስሏል፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት የለችበትም። ከዚያች ቀን ወዲያ ድስት አስጠላት።

ነጌሌ ተመልሳ ከኩይሳው ሥር እሳት ስታነድ አስቀድማ የተቀመጠች ሴት አገኘች፤ ራሕማን። ራሕማም እንደ እሷ የጉራጌ አገር ልጅ ናት፤ ያንዷ ማተብ፣ የሌላዋ ሻሽ ካልሆነ የሚለያቸው የለም። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የሰላ፣ ለሾፌሮች ሻይና ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት ናት። ቦጋለችን ዐይታ "ሌላ ቦታ አጣሽ?" አለቻት። "ኩይሳው የአንቺ ነው?" አለች ቦጋለች። "የምስጥ ነው።" "እንግዲያው ምስጦቹን አስፈቅጃለሁ።" በዚሁ ተዋወቁ።

እንጨት የሚገኘው ከሩቅ ስለሆነ አንድ እሳት ለሁለት ይበቃል ተባባሉ። ራሕማም ሳምቡሳውን ትታ ሥጋ መጠቅለል ጀመረች። ችግሩ ሥጋው ነው። በዚያ አገር ክርስቲያንና እስላም ሻዩን ይጋራል፣ በሰርግ ይጠራራል፣ ለቅሶውን አብሮ ይቀመጣል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም በየእጁ ያሳረደውን ይበላል። የሚሰርግ ሰው ለሌላው ወገን ፍየል ለብቻ ያሳርዳል፣ ለብቻ ያስበስላል፤ በዚህ የሚቀየም የለም፤ ባያደርግ ነው የሚቀየሙት። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች እሳቱን በድንጋይ መስመር ከፈሉት። ግራው የራሕማ፣ ቀኙ የቦጋለች። ቢላዋው ሁለት፣ መክተፊያው ሁለት፣ መገልበጫ እንጨቱ ሁለት። "በመሐላችን ድንጋይ፣ በላያችን ፎይል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?" ትላለች ራሕማ።

ሾፌሮች ምግቡን "ባለካባ" ብለው ሰየሙት። "አንድ ባለካባ ከግራ!" "ሁለት ባለካባ ከቀኝ!" ይባላል። ሩቅ ሂያጁ ጥቅሉን ሞተሩ ላይ ሰክቶ ይነሣና ከአገር አገር እያሞቀ ይበላዋል። ዶዮ የሚባል የቦረና ሾፌር ነበር፤ እንደ አባቶቹ ዋቃን የሚለምን፣ አይሱዙ የሚነዳ፣ ከግራም ከቀኝም የሚበላ ብቸኛው ደንበኛ። "እናንተ መሐል ገብቶ የተጠቀመ እኔ ብቻ ነኝ" እያለ ይኩራራል።

ቀኑ ሲያጋድል፣ ደንበኛ ሲሳሳ፣ ቦጋለች ፍሙ ላይ ታፈጣለች። የግራር ፍም ቶሎ አይሞትም። ሲከስም ውስጡ ደረጃ ይሠራል፣ በር ይከፍታል፣ መስኮት ያበራል። እሷ እዚያ ውስጥ ሰው ታያለች። ጥላ የያዘች ሴት ስትሻገር፣ አንዱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ጥርሱን ሲፍቅ። ራሕማ በክርኗ ትጎሽማታለች።

"ዛሬ ደግሞ ማን መጣ?"

"አንዲት ሙሽራ። ጫማዋ ጠቧታል።"

"አውልቂው በያት።"

"ታፍራለች።"

"እሷ ታፍራለች፤ የኔ ሥጋ ያራል። ተነሽ!"

እንዲህ እየተጎሻሸሙ ብዙ ዝናብና ብዙ ድርቅ አሳለፉ። ቦጋለች ዘመድ የምትላት ሴት ብትኖር ራሕማ ናት፤ አክስቷ ሞታለች፣ ባሏ መለዋወጫ ፍለጋ ላይ ነው፤ ሕልሟን የሚሰማ ጆሮ ያለው ከእሳቱ ማዶ ብቻ ነው።

ወሬ ግን እግር አለው፤ ተልተሌ ድረስ ሄደ። ራሕማ እዚያ የሚነግድ ቢላል የሚባል ታላቅ ወንድም አላት። "እህትህ ከክርስቲያን ጋር ባንድ እሳት ሥጋ ታደባልቃለች" ብለው ነገሩት። ቢላል የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ስልክ ደወለና "ተልተሌ ነይ፤ ቤት አለኝ፣ ሱቅ አብረሽኝ ትቀመጫለሽ" አላት። ራሕማ "መጀመሪያ መጥተህ እይ፤ ከእጄ ብላ፤ ከዚያ ፍረድ" አለችው። እሱም "እመጣለሁ" አለ።

ቢላል የሚመጣበት ቀን ቦጋለች ከንጋቱ ጀምሮ ድንጋዮቹን አጥባ ደርድራቸዋለች። የታጠበ ድንጋይ እሳት ውስጥ! ራሕማ ዐይታ ሳቀችባት። "ካባ አታለብሻቸውም?" ቦጋለች አልሳቀችም። ራሕማ ከሄደች ይህ ኩይሳ ምስጥ ብቻ እንደሚቀረው ታውቃለች።

አስር ሰዓት ገደማ ጥቅሎቹ ገብተው፣ ፍሙም አምሮበት ሳለ፣ ራሕማ ጀሪካኗን አነሣች። "ልስገድ። የኔንም እያየሽልኝ፤ እንዳያር ገልብጪው፤ በኔ እንጨት!" ብላ ከኩይሳው ጀርባ ዞረች።

ቦጋለች በትክክለኛው እንጨት ገለበጠች። ልብ በሉ፣ በትክክለኛው እንጨት። ከዚያ ቁጭ አለች። ጥቅሎቹ ቀይ ፍም ላይ ተኝተው የፀሐዩን ብርሃን ሲመልሱ አዲስ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች መሰሏት። ግራ ሰፈር፣ ቀኝ ሰፈር፣ መሐሉን ድንጋይ የቆመበት። ይህች ከተማ አደባባይ የላትም እንዴ? አንዱን ድንጋይ ገፋ አደረገችው። ወዲያው መንገድ ተከፈተ። መንገድ ከተከፈተ ሰው መምጣቱ አይቀርም፤ መጣም። ሙሽራይቱ መጣች፣ ዛሬ ጫማዋ ልኳ ነው። ከግራው ጠርዝ፣ ከሁሉ ርቆ፣ አንድ ትልቅ ጥቅል ለብቻው ተኝቷል። በሩ ላይ ራሕማ ቆማለች፤ ሻንጣ ይዛለች። "ምን ልትሆኚ እዚያ ጥግ ወጣሽ?" አለቻት ቦጋለች በልቧ፤ ቤቱን በእንጨቱ ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ቤት አስጠጋችው። ጎረቤት የሌለው ቤት ቤት አይደለምና ሌላም አስጠጋች። አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ። ከተማዋ አማረች። ከየቤቱ እንፋሎት ይወጣል፣ ሁሉም ቤት ምሳ ደርሶለታል፤ ማንም የትም አይሄድም።

አዙሪት ነፋስ ቀይ አቧራ ተጠምጥሞ ከመንገዱ ማዶ ብቅ አለ፣ ኩይሳውን በስሱ ታከከና አለፈ። የፍሙ አመድ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ቦጋለች የነቃችው በአዙሪቱ ሳይሆን በክላክስ ነው።

"አካም ጅርቱ፣ አዴ ቦጋለች!" ዶዮ ከጋቢናው ዘለለ። "እንግዳሽን በሰላም አምጥቻለሁ፤ አቧራውን ግን ራሳችሁ አራግፉለት።"

"ናጋ" አለች ቦጋለች፤ ዓይኗን ከእሳቱ አላነሣችም። ድንጋዮቹ አደባባይ ሆነዋል። ግራ የለም፤ ቀኝ የለም። ያሉት ቤቶች ብቻ ናቸው፣ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ።

ቢላል ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ የጠጣ ሰው ነበር። ቆቡን አራግፎ ደፋና "እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ቦጋለች" ብሎ እጅ ነሣ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንኳን ደኅና መጡ፣ ጋሽ ቢላል።"

ራሕማ እጇን እያደራረቀች ከኩይሳው ጀርባ መጣች፤ የወንድሟን ትከሻ ሳመች። እሱም ጀሪካን ላይ ተቀመጠና "ራሕማ፣ ርቦኛል። ከእጅሽ ልብላና እንነጋገራለን" አለ።

ራሕማ እንጨቷን አነሣች፤ ወደ እሳቱ አጎነበሰች፤ እንዳጎነበሰች ቀረች።

"ቦጌ... የኔ የትኛው ነው?"

ቦጋለች ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ዐየች። በጆሮዋ እንዳትነግራት የምታንሾካሹክበት ቋንቋ የለም። በጉራጊኛ ብትናገር ቢላል ጉራጌ ነው፤ በኦሮምኛ ብትናገር ዶዮ አለ፤ በአማርኛማ ሁሉም አለ። ደግሞስ ለምን ትነግራታለች? ፍየል ፍየል ነው፤ ካባው አንድ ነው። አንዱን አንሥታ "ይኸው ያንቺ" ብትል፣ ከላይ ካለው በቀር የሚያውቅባት የለም። እጇም ተዘርግቶ ነበር። ግን ከዚያ ጥቅል የሚበላው ቢላል ብቻ አይደለም፤ ራሕማም ትበላለች፤ በስመ አላህ ብላ፣ ተማምና። እጇ ተመለሰ።

ራሕማ የገባት መሰለች። የተበተነውን አመድ ዐየች፣ ሩቅ የደረሰውን አዙሪት ዐየች፤ እንደ ገመድ ወረወረችላት፦ "ቅድም ያለፈው አዙሪት ነው አይደል የደባለቀው?"

ገመዱ አጠገቧ ወደቀ። መያዝ ብቻ ነበር የቀራት።

"አዙሪት አይደለም" አለች ቦጋለች። "እኔ ነኝ። ከተማ እየሠራሁ ነበር።"

"ምን?" አለ ቢላል።

"ከተማ። ቤቶቹን ሳቀራርብ ነው የተደባለቁት።"

ዶዮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ማዘጋጃ ቤት ያውቃል? ካርታ ሳታወጪ ነው እንዴ የገነባሽው፣ አዴ?"

"ዝም በል አንተ!" አለች ራሕማ፤ ድምፅዋ ግን ወደ ዶዮ አልሄደም።

"ስጡኝ፣ ቀምሼ ልለይላችሁ" አለ ዶዮ። "ቀላል ነው። የክርስቲያን ፍየል ወፍራም ናት።"

"ለምን?" አለ ቢላል ሳያስበው።

"ሰዎቹ ሲጾሙ እሷ ትግጣለቻ!"

ቢላል አልሳቀም፤ ከንፈሩ ግን አንድ ጊዜ ከዳው። "ሁሉም ጥቅል ይውጣ" አለ። ቦጋለች አንድ በአንድ አወጣቻቸው። አንዱን ፈታችው፤ ሽታው መንገዱን ተሻገረ። ሁሉም ተራበ፤ ማንም እጁን አልሰደደም። ከፍሙ ጠርዝ፣ አመድ ውስጥ፣ ከነልጣጩ የተቀበረ ድንች ነበር፤ ድንች ቢላዋ አይባረክበትም፣ የሁሉም ነው። ድንቹን በጨውና በቃሪያ በሉ። ሥጋውን በሙሉ ዶዮ ታቅፎ ከአይሱዙው ማዶ ተቀመጠ፤ ፎይሉን ሲልጥ ይሰማል። "ሚኣዋ!" ይላል በየመሐሉ፤ ጣፋጭ ነው ማለቱ ነው፤ ለራሱ ቢልም ለሁሉም ያሰማል።

ቢላል ድንቹን ጨርሶ እጁን አራገፈ።

"እትዬ ቦጋለች፣ ነፋሱ ላይ ማላከክ ይችሉ ነበር።"

"እችል ነበር። እህትዎ እንኳ አቀብላኝ ነበር።"

"ታዲያ?"

ቦጋለች አሰበች። "ነፋስ ቤት ያፈርሳል እንጂ አያቀራርብም" አለች። "ማን ያምነኛል?"

ቢላል ወደ እህቱ ዞረ። "እኚህን ሴት አምናቸዋለሁ። እሳታቸውን ግን አላምነውም። ወይ ተልተሌ፣ ወይ የራስሽ እሳት። ምረጪ።"

ራሕማ ተነሣች። ቦጋለች እግሯን ዐየች፤ ሰው የሚያደርገውን ከእግሩ የምታውቅ ሴት የራሕማን እግር ማንበብ አቃታት። እግሩ ከኩይሳው ራቀ፣ የሻዩን ማንቆርቆሪያ አለፈ፣ የአይሱዙውን ጥላ ተሻገረ። ወደ ጋቢናው የሚሄድ መሰለ። ከዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ቆመና በተረከዙ ቀዩን አፈር ቆፈረ።

"እዚህ" አለች ራሕማ። "እሳቴ እዚህ ነው።"

ቦጋለች ካለችበት ቁጭ አለች። አመስግና ዝም ማለት ሲገባት ምላሷ አላስቻላት። "ራቀ እኮ!"

"ከአንቺ ሕልም ለመራቅ ይሄ ሲያንስ ነው!"

ቢላል በማግስቱ ወደ ተልተሌ ተመለሰ። አንዱ እሳት ሁለት ሆነ። እንጨት ቀድሞ ከሚበቃው እጥፍ ይፈጃል፤ ሾፌሮች "ግራ፣ ቀኝ" ማለት ትተው "ላይኛው፣ ታችኛው" ማለት ጀመሩ። በክርን መጎሻሸም ቀረ፤ በጩኸት ሆነ። ድሮ በሹክሹክታ የሚያሙትን ዛሬ ከእሳት እሳት ሲወራወሩት የሚያልፈው መኪና ሁሉ ይሰማል፤ አንዳንዱም ወሬው እስኪያልቅ ፍጥነት ይቀንሳል። ቦጋለች ፍሙ ላይ ስታፈጥ "ዛሬ ማን መጣ?" የሚላት የለም፤ ሥጋዋም አንዳንዴ ያራል። ራሕማም ከማዶ ሽታው ሲደርሳት "ቦጌ፣ ከተማሽ እየተቃጠለ ነው!" ብላ ትጮሃለች።

አንድ አመሻሽ ዝናብ ሊመጣ ምድሩ ሸተተ። ከብቶች ከሊበን በኩል አቧራ እያነሡ ይገባሉ፤ ሰማዩ በአንድ ጎኑ ጠቁሯል፣ በሌላው ገና ቀይ ነው። ቦጋለች ከፍሟ ቀና ስትል ማዶውን ዐየች። የራሕማ እሳት ሜዳው ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ጥቅሎቹ ከሩቅ ያብለጨልጫሉ፤ የራሕማ ጥላ መሬቱ ላይ ረዝሞ ይመጣና ከቦጋለች እግር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ይቆማል። ይህን ያህል ዘመን ፍም ውስጥ ስትፈልገው የኖረችው ከተማ፣ ውጭ፣ በቁሙ፣ ከነሰዉ። ራሕማ አጎንብሳ ሥጋዋን ትገለብጣለች፤ ዶዮ ጋቢናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ አፉን ሞልቷል፤ ሌሎቹ ሾፌሮች ሰማዩን ያያሉ። ቦጋለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀች።

"ራሕማ! ከዚህ ሲያዩት ያንቺ እሳት ያምራል፤ ከዚያ ሲያዩትስ የኔ?"